ለቆመ ይከፈላል

ወረታ ባለው የአባቴ ግቢ በር ላይ አንድ የገበያ ቀን ሙሉ የተቀመጥኩት የወንድሜን ጥፋት ፍለጋ ነው። ያን ቀን ለራሴ የነገርኩት ግን ሌላ ነበር። ከመፈረሜ በፊት ላጣራ ብዬ ነው የተነሳሁት። ማጣራት ሥራዬ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ በዘጋቢነት ስሠራ የፎገራን ጎርፍ፣ የሩዝ ዋጋ፣ የመንገድ አደጋ፣ የከብት በሽታ ዘግቤአለሁ። ያየሁትን አየሁ፣ የሰማሁትን ሰማሁ ብዬ ለይቼ መጻፍ ልማዴ ነው። ይህንንም በዚያው ልማድ ልጻፈው፤ ቀንቼ ነበር።

የሚፈረመው ወረቀት የግቢው ነው። ከወንድሜ በስምንት ዓመት እበልጣለሁ፤ ሁለት ብቻ ነን። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ባሕር ዳር ስቀር እሱ ከአባታችን ጋር ወረታ ቀረ። እናታችን ካረፈች በኋላም ቤቱን የያዙት ሁለቱ ናቸው። ግቢው ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ከሚያልፈው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ፣ ከገበያው ጀርባ ነው። ወንድሜ እዚያ ውስጥ ሦስት የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ማድረጊያ ተክሏል። ሥራው ሲበዛበት ተጨማሪ ኃይል እንዲገባለት ጠየቀ፤ ለዚያ ደግሞ ይዞታው በስሙ መሆን ነበረበት። አባቴ በስጦታ ሊያዞሩለት ፈቀዱ። አንድ ነገር ብቻ አስቀመጡ፤ "ታላቅህ ሳይፈርም አይሆንም" አሉት። ሕጉ የእኔን ፊርማ አይጠይቅም። አባቴ ግን ይጠይቃሉ። ወንድሜ ደውሎ ሲነግረኝ፣ ወረቀቱን አዘጋጅ፣ እመጣለሁ አልኩት። እፈርማለሁ አላልኩትም።

ያ ግቢ እኔ ሳውቀው የአህያ ማቆያ ነበር። በገበያ ቀን ከሐይቁ ዳርም፣ ከጣራ ገዳም በኩልም የሚመጣ ገበያተኛ ጭነቱን ገበያ ላይ ያራግፍና አህያውን እኛ ግቢ አምጥቶ ያስራል። አባቴ ቲኬት አይሰጡም። ባለአህያው መጫኛውን ፈትቶ ያስረክባቸዋል፤ እሳቸው ግድግዳው ላይ ከተመቱት ችካሎች በአንዱ ይሰቅሉታል። ማን የቱን መጫኛ እንዳስረከበ አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም። መክፈያው ሲወጡ ነው፤ እሱም ሁለት ነው። የመቆሚያ ለብቻ፣ የገለባ ለብቻ። ገለባ የገዛ ሰው አንዳንዴ "የገለባውን ከፍዬ የለ፤ መቆሚያውን ይማሩኝ" ብሎ ይከራከራል። አባቴ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ ገለባው የበላበት ነው፣ ቦታው የቆመበት ነው ይሉታል። ለቆመ ይከፈላል። ክርክሩ እዚያ ላይ ያልቃል።

ዛሬ እነዚያው ችካሎች የመኪና ቁልፍ ተንጠልጥሎባቸዋል። ተራ ጠብቆ ቻርጅ የሚያደርግ ሰው ቁልፉን ለወንድሜ ይተውና ወደ ገበያ ወይም ወደ ምሳ ይሄዳል። ተራው ሲደርስ ወንድሜ መኪናውን ራሱ አንቀሳቅሶ ይሰካለታል።

ቅናቱ ግን ከፊርማው ጥያቄ በፊት የጀመረ ነው። ለሃያ ዓመት ወንድሜ የጋዜጠኛው ወንድም ነበር። ወረታ ስገባ ሰው ከሱቁ ወጥቶ ይጨብጠኝ፣ ስለ ድልድዩና ስለ ውኃው ንገርልን ይለኝ ነበር። በኋላ የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከለከለና የኤሌክትሪኩ በዛ። ከባሕር ዳር ጎንደር ደርሶ ለመመለስ አንድ ሙሌት አይበቃኝም የሚል ሁሉ ወረታን ማንሳት ጀመረ፤ ወረታን ያነሳም ወንድሜን ያነሳል። አንድ ጊዜ ባሕር ዳር አንድ መግለጫ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው የወረታ ልጅ መሆኔን ሲሰማ ፊቱ በራ። ቻርጅ የሚያደርገው ልጅ ወንድሜ እንደሆነ ጠየቀኝ። አዎ ስለው እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ስለ ምን እንደምዘግብ እንኳ አልጠየቀኝም። እኔ መኪና የለኝም። ስለ መኪና ብዙ ጽፌአለሁ፤ የምሄደው በሚኒባስ ነው።

ይህስ ባልከፋ። በየወሩ ለአባቴ ትንሽ ገንዘብ እልክላቸው ነበር። ሥራው በተከፈተ በጥቂት ወሩ በወንድሜ ስልክ ደወሉልኝና ከእንግዲህ እንዳልልክ ነገሩኝ። "እኔ በር አለኝ" አሉኝ። በር ያሉት የግቢውን በር ነው። ድሮ ለአህያ እንደተቀመጡ ዛሬ ለመኪና ተቀምጠው መቆሚያ ይቀበላሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ብሩን በመዳሰስና ወደ ፊታቸው በማስጠጋት ይለዩታል። የማንንም እጅ አላይም ሲሉ በስልኩ ውስጥ ደስታቸው ይሰማኝ ነበር። እኔ ግን ከዘጋሁት በኋላ ስልኩን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ለአባቴ ከማደርገው ነገር ሁሉ የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር፤ እሱንም ወንድሜ አስጣለኝ።

እንግዲህ በዚህ ልብ ነው የሄድኩት። ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ላይ ውኃው ገና አልጎደለም ነበር፤ ከሐሙሲት ወዲህ መንገዱ ግራና ቀኙ ሩዝ ነው። ጠዋት ደረስኩ። አባቴ ትከሻዬን ይዘው ሳሙኝ፤ ወዲያው ግን አንድ መኪና ሊወጣ ጥሩምባ ሲነፋ ለቀቁኝና ወደ በሩ ሄዱ። ወንድሜ ቁርስ አቅርቦ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ስለ ፊርማው አልጠየቀኝም። እኔም ሥራውን ላየው እፈልጋለሁ አልኩትና ደብተሬን ይዤ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

ከግድግዳው ላይ ወንድሜ በቀይ ቀለም የጻፈው ሰሌዳ አለ። የመቆሚያ ዋጋ በሰዓት ይህን ያህል፣ የቻርጅ ዋጋ በቆጣሪ ይህን ያህል ይላል። ከሥሩ ደግሞ "ቻርጅ የሚያደርግ የመቆሚያ አይከፍልም" የሚል ተጽፏል። ገለበጥኩት። ከዚያ ዝም ብዬ ማየት ጀመርኩ።

የመጀመሪያዋ ነጭ መኪና ነበረች። ሁለት ሰዎች ወደ ጎንደር ያልፋሉ። ቻርጅ አደረጉ፣ ወንድሜ ቆጣሪውን አንብቦ ሒሳቡን ነገራቸው፣ በስልካቸው ላኩለት። ቁልፋቸውን ተቀብለው በሩ ጋ ሲደርሱ ግን አባቴ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሹፌሩ ከኪሱ የተጣጠፈ ብር አውጥቶ ሰጣቸው። ሰሌዳውን እንደገና አየሁት። አይከፍልም ይላል። ሁለተኛውም መኪና እንደዚያው ሆነ፣ ሦስተኛውም። ልቤ መምታት ጀመረ። ሥራዬ ላይ ይህ ሲሆንብኝ አውቀዋለሁ፤ ዜና ሲገኝ እንዲህ ይመታል። የዚያን ቀኑ ግን ከዜናም በላይ ይጣፍጥ ነበር።

እኩለ ቀን ግድም አንዲት ሴት ወጣች። የሐሙሲት የሩዝ ነጋዴ መሆኗን ያወቅኩት አባቴ "የሐሙሲቷ" እያሉ ሲጠሯት ነው። እሷም ቻርጅ አድርጋ ከፍላለች፤ አይቻለሁ። በሩ ላይ መስኮቷን ዝቅ አደረገችና፣

"አባባ፣ ዛሬስ ይማሩኝ። መኪናዬ ገለባዎን አልቀመሰችም" አለች።

"ቆማ አልነበረም?"

"ቆማ ነበር።"

"እንግዲያ ለቆመ ይከፈላል።"

"አህያ እኮ ይሻልዎት ነበር። ፋንድያውን ለማሳ ትቶልዎት ይሄዳል።"

"እሱስ እውነትሽን ነው" አሉ አባቴ፤ "ያንቺዋ በልታ የምትተወው ነገር የላትም። ይልቅ ጨምሪ።"

እየሳቀች ከፈለች። አባቴም እየሳቁ ብሩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩና ጋቢያቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። ከእኔ ጋር እንዲህ የሳቁበትን ጊዜ ለማስታወስ ሞከርኩ። በሴትዮዋም ቀናሁ።

አምስተኛው መኪና ከወጣ በኋላ ተነስቼ ወንድሜ ወዳለበት የቆጣሪ ክፍል ገባሁ። በሩን ዘጋሁት። ድምፄን አልቀየርኩም፤ ሰው ስጠይቅ አልቀይርም።

"ሁለቴ እያስከፈልክ ነው" አልኩት።

"ማንን?"

"ቻርጅ የሚያደርገውን ሁሉ። ሰሌዳህ የመቆሚያ የለም ይላል፤ በሩ ላይ ይቀበላሉ። ከጠዋት ጀምሮ አምስት ጽፌአለሁ።"

ደብተሬን አየ፣ ከዚያ እኔን። ይቆጣል ብዬ ነበር። ወንበር ሳበልኝ።

ከዚያ የነገረኝ እንዲህ ነው። ሥራውን ሲከፍት ለአባታችን ቻርጅ የሚያደርግ ሰው የመቆሚያ እንደማይከፍል አስረድቷቸው ነበር፤ ሌላውም ቦታ እንዲህ ነው ብሏቸዋል። አባቴ አልተቀበሉም። የበላበት ሌላ፣ የቆመበት ሌላ አሉት። ሁለት ቀን ተከራከሩ። በሦስተኛው ቀን አባቴ ምሳ አልበላም አሉ፤ እኔ እዚህ ቤት የማልሠራ ከሆነ የማይሠራ ሰው ምሳ አይበላም ብለው። ወንድሜ ያን ሌሊት አስቦ መላ አገኘ። የቻርጁን ሒሳብ ሲሠራ በቅድሚያ የመቆሚያውን ያህል ይቀንሳል። ቁልፉን ሲቀበል ለእያንዳንዱ ባለመኪና፣ በሩ ላይ አባቴ የሚጠይቁህን ስጣቸው፣ እኔ ከዚህ አጉድዬልሃለሁ ይላል። ባለመኪናው በጠቅላላ የሚከፍለው ሰሌዳው ላይ ያለውን ብቻ ነው፤ የአባቴ ድርሻ ከወንድሜ ይወጣል።

"ለምደውታል" አለኝ። "አሁን ማን ጥሬ ብር ይይዛል? ለአባዬ ብለው ከቤታቸው ዝርዝር ይዘው ነው የሚመጡት።"

በቃሉ ብቻ አላለፍኩትም። የአምስቱን ክፍያ ስልኩ ላይ እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት። ከቆጣሪው ንባብ ጋር አስተያየሁት፤ ቀነስኩ፤ ደመርኩ። አምስቱም ልክ ነበሩ።

"አባዬ ያውቃሉ?" አልኩት።

"እንዴት ብለው? ቢያውቁ በሩ ላይ ይቀመጣሉ?"

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እዚያው ይፈርም ነበር። ጥፋት ፈልጌ ነበር፤ የተገኘው ደግሞ ሊመሰገን የሚገባው ነገር ነው። ነገር ግን ቅናት ጥፋት ሲያጣ አይበርድም፤ የእኔ እንዲያውም ባሰበት። ስማቸውን የማላውቃቸው ከደብረ ታቦር፣ ከጎንደር፣ ከሐሙሲት የሚመጡ ሰዎች የአባቴን ነገር ያውቃሉ፣ ይጠብቁላቸዋል፣ ዝርዝር ይዘውላቸው ይመጣሉ። እኔ ልጃቸው ደብተር ይዤ መጥቼ ከባዕድ ቀጥሎ ነው የሰማሁት። ለምን አልነገርከኝም አልኩት። መቼ መጥተህ አለኝ፤ የክፋት አልነበረም፣ እንደ ጥያቄ ነው ያለው። 

ወደ ማታ ገበያው ተበተነ። የመጨረሻው መኪና ወጣና አባቴ መጥተው አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። ወንድሜ ላሞቹን ከሜዳው ሊያስገባ ሄዷል። አባቴ የጋቢያቸውን ቋጠሮ ፈትተው ብሩን በጣታቸው እየዳሰሱ ለዩ። የሚቀጥለው ወር የማኅበራቸው ተራ የእሳቸው ነው፤ ስለ እሱ ያወሩኝ ጀመር። ጠላው የሚጠነሰሰው በእኔ ገንዘብ ነው፣ ካህኑም ሲመርቁ የሚመርቁት የእኔን ላብ ነው አሉ። በዚህ ዕድሜዬ ልጄ ደገሰለት አልባልም አሉ። ፊታቸው እንደዚያ ሲበራ ካየሁ ዘመን የለውም። ያበራው ደግሞ ወንድሜ ነው።

"አባዬ፣ ያ ገንዘብ የባለመኪኖቹ አይደለም" አልኳቸው።

እጃቸው ቆመ።

"የማነው?"

ነገርኳቸው። ዜና እንደማነብ አድርጌ በተራ ነገርኳቸው፤ ሰሌዳው ምን እንደሚል፣ ወንድሜ እንዴት እንደሚቀንስ፣ ባለመኪኖቹ ምን እንደሚባሉ። አምስቱንም አጣርቻለሁ አልኳቸው። እየተናገርኩ ምን እጠብቅ እንደነበር አውቃለሁ። ወንድሜን ይቆጡታል፣ ወረቀቱ ይቆያል፣ ከወር በኋላም ከእኔ የሚላከውን ይቀበላሉ ብዬ ነበር።

 ገበያው በኩል አንድ የሩዝ መፈልፈያ ይሠራ ነበር፤ እሱ ሲቆም ጠየቁኝ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከተከፈተ ጀምሮ።"

"ዓመት አልፎታል።"

"አዎ።"

"እሱ ይኸን ሁሉ ጊዜ ችሎ ኖረ" አሉ። "አንተ ፀሐይዋ እስክትገባ አልቻልክም።"

የነገርኩዎት እውነት ነው አልኳቸው፤ አንድ ሰው በተናገረው ነገር ሲጠየቅ እንደሚለው። እሳቸውም እውነት መሆኑን እንዳልተጠራጠሩ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደማልዋሽ ነገሩኝ። ከዚያ ዞር ብለው፣ በደንብ ሊያዩኝ እንደማይችሉ እያወቁ፣ ፊቴን አዩት።

"የነገርከኝ ምን ፈልገህ ነው?"

ይህን ጥያቄ ለሰው የማቀርበው እኔ ነኝ። ምስጢር ይዞልኝ የመጣውን ሁሉ በቅድሚያ የምጠይቀው እሱን ነው፤ ምን ፈልገህ ነው የምትነግረኝ እላለሁ። ብዙዎቹ ለእውነቱ ብዬ ይሉኛል፤ አላምናቸውም። እኔም ለእውነቱ ብዬ ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት። አባቴ መልስ አልጠበቁም። ብሩን ከጭናቸው ላይ ሰብስበው አግዳሚው ላይ፣ በእኔና በእሳቸው መካከል አኖሩትና ተነሱ።

ወንድሜ ላሞቹን አስገብቶ ሲመጣ ብሩን አየው። ቀጥሎ እኔን አየኝ። ነገሩ ገባው።

"ወንድምዓለም፣ ዜና አደረግከው?" አለኝ። ብሩን አላነሳውም።

እራት ላይ አባቴ ወረቀቱን አስመጡ። ከመፈረሜ በፊት ላጣራ ብለህ አልነበረ አሉኝ፤ ለካ ገብቷቸዋል። አጣራህ ወይ አሉኝ። አጣራሁ አልኳቸው። ጥፋት አገኘህበት አሉኝ። አላገኘሁም አልኩ። በማግስቱ ጠዋት ሁለት ጎረቤትና የአባቴ የነፍስ አባት ባሉበት ፈረምኩ። ቄሱ አንድ ልብ ያድርጋችሁ ብለው ሁለታችንን መረቁን፤ አሜን አልን። ፊርማዬ ከሌላው ጊዜ ጠበብ ያለ ነበር። ወንድሜ አውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ሰላም አሉት፤ ሁለቱም እኔን አላወቁኝም፤ እሱ ግን "ታላቅ ወንድሜ ነው" እያለ አስተዋወቀኝ። ይህን ማድረግ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ለሃያ ዓመት በሄደበት ሁሉ የጋዜጠኛው ወንድም ሲሉት አንድ ቀን እንኳ በስሙ አስተዋውቄው አላውቅም።

በኅዳር ሩዝ ሲታጨድ ተመልሼ ሄድኩ። ተጨማሪው ኃይል ገብቶ ነበር፤ ቻርጅ ማድረጊያዎቹ ስድስት ሆነዋል። አባቴ የማኅበሩን ተራ ለሌላ ሰው አሳልፈዋል ብሎ ወንድሜ በስልክ ነግሮኝ ስለነበር እሱን አልጠየቅኩም። እሳቸው በሩ ላይ እንደበፊቱ ተቀምጠዋል። መኪና ሲገባ ተነስተው ጥጉን ያሳያሉ፣ ሲወጣ ከብረቱ በር አንዱን ክንፍ ይይዛሉ። ብር ሲዘረጋላቸው ግን እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ያስገባሉ። ውስጥ ነው የሚከፈለው፣ ልጄን ስጡት ይላሉ። አግዳሚው ላይ ሆኜ ያየሁት ሦስት ጊዜ ነው። ሦስቱም ጊዜ ባለመኪናው እጁን ዘርግቶ ትንሽ ቆይቶ፣ ብሩን ወደ ኪሱ መልሶ ሄደ።

የሐሙሲቷ ነጋዴ መኪናዋን ቻርጅ ላይ ትታ ወደ ገበያ ስትወጣ አጠገቤ ቆመች። ተራ የምጠብቅ ባለመኪና መስያታለሁ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሽማግሌው እኮ እንደዚህ አልነበሩም፣ ከሰው ጋር የሚጫወቱ ነበሩ አለችኝ። እሷ ራሷ የአህያውን ጨዋታ ሁለት ጊዜ አንስታባቸው ዝም ብለዋታል። አንድ ሰው የሒሳቡን ነገር ሳይነግራቸው አልቀረም አለች።

"ማን እንደነገራቸው ያውቃሉ?"

"እኔ ነኝ" አልኳት።

አየችኝ። ማን መሆኔን ጠየቀችኝ፤ ታላቅ ልጃቸው ነኝ አልኳት። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰችና ትንሽ አሰበች። ሰው መክሰስ የማትወድ ሴት ነች፤ ቃል ፈልጋ አገኘችልኝ።

"መቼም ለደግ አስበው ነው" አለችኝ።

"አይደለም" አልኳት።